የሜዳ ሆኪ ለጀመረች የደሴ ልጅ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሜዳ ሆኪ በእኛ አገር እንደ እግር ኳስ በየሰፈሩ አይገኝም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆና «አንድ ቀን አገሬን ወክዬ እጫወታለሁ» የምትል ልጅ የሚያርማት ሰው ቶሎ ላታገኝ ትችላለች። በጅምር የተለመደ ስህተት ደግሞ አብሮ ያድጋል።

የመጀመሪያው ዱላውን እንደ ገና ዱላ መያዝ ነው። ቆልማማ ዱላ፣ ሩር፣ ሁለት ቡድን፤ እውነትም ይመሳሰላሉ። በሆኪ ግን ኳሱ የሚመታው በዱላው ጠፍጣፋ ፊት ነው። በድቡልቡሉ ጀርባ ከነካሽው ጥፋት ነው። ጠፍጣፋው ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው፤ ለግራኝ የተሠራ ዱላ በውድድር አይፈቀድም። ግራ እጅሽ ከላይ ይያዝ፣ ዱላውን የሚያዞረው እሱ ነው። ቀኝ እጅ ዝቅ ብሎ ይደግፋል። ኳሱ በግራሽ ከመጣ ዱላውን ገልብጠሽ ታቆሚዋለሽ። ብዙ ጀማሪ በቀኝ እጇ ጨምድዳ ስለምትይዝ ይህን መገልበጥ አትችልም። አርጀንቲናዊቷ ሉሲያና አይማር የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብላ 8 ጊዜ የተመረጠችው በእጆቿ ብልሃት ነው። በኃይል ከመምታትሽ በፊት ኳሱን እየሄድሽ ግራና ቀኝ ማመላለስ ልመጂ።

ሁለተኛው «ሩጫ እንደሆነ አለን» ማለት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል፤ የጦሳን ተራራ እየወጣች ያደገች ልጅ ትንፋሽ አታጣም። ትልቅ ሀብት ነው። ግን የሆኪ ሩጫ አጭር፣ ፈጣንና ተደጋጋሚ ነው፣ ያውም ጉልበትን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ። በ15 ደቂቃ የተከፈሉ አራት ክፍለ ጊዜዎች አሉ። ቀጥ ብላ የምትሮጥ ልጅ ኳሱ በዱላዋ ሥር ያልፋታል።

ጠጠር ሜዳ ላይ ብቻ መለማመድም ይጎዳል። ዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ውሃ በሚረጭበት ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው፤ ኳሱ መሬት ይዞ ይበራል። እዚህ የተሻለው የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲሚንቶ ነው፣ ሲደርቅ። ሣሩ የለም ብለሽ ግን አትቁሚ። እ.ኤ.አ. በ1980 የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ ወርቁን የወሰደችው ዚምባብዌ ነበረች፤ ተጫዋቾቿ ሞስኮ እስኪደርሱ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተጫውተው አያውቁም ነበር።

ያለ ጥርስ መከላከያና ያለ ቅልጥም መከላከያ መጫወትስ? በፍጹም። ኳሱ 160 ግራም ገደማ የሚመዝን ድፍን ነገር ነው። የእንግሊዟ ኬት ሪቻርድሰን-ዎልሽ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ በዱላ ተመትታ መንጋጋዋ ተሰበረ፣ በቀዶ ጥገና ታክማ በዚያው ውድድር ተመልሳ ነሐስ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሎምፒክ ደግሞ አምበል ሆና ወርቅ አነሣች። ይህን እየሰሙ «ጀግና ሕመሟን ትደብቃለች» የሚሉ አሉ። እሷ ግን የተመለሰችው ሐኪም አይቷት ነው። ጉዳትሽን ለአሠልጣኝሽም ለእናትሽም ንገሪ።

አሁን ለወላጆች። በአለባበስ ምክንያት ልጅን ከሜዳ ማስቀረት ያሳዝነኛል። የማሌዢያ ብሔራዊ ቡድን ሴቶች ብዙዎቹ ሂጃብ፣ ረጅም እጅጌና ጥብቅ ሱሪ ለብሰው ነው የሚጫወቱት፤ ደንቡ አይከለክላቸውም። «ድሃ ነን፣ ለእኛ አይሆንም» የምትሉም ራኒ ራምፓልን እወቋት። አባቷ ጋሪ እየጎተተ ያሳደጋት የህንድ ልጅ ናት። በ15 ዓመቷ የዓለም ዋንጫ ተጫወተች፤ በቶኪዮ ኦሎምፒክ አምበል ሆና ቡድኗን 4ኛ አደረሰች።

በሌላ በኩል ትምህርት አስጥሎ ሆኪ ብቻ ማለትም አይሆንም። ብዙ አገር ላይ ከሆኪ የሚገኘው ገንዘብ ቤት አያስተዳድርም። የኔዘርላንድስ በረኛ ዮይስ ሶምብሩክ እ.ኤ.አ. በ2012 የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታለች፤ ሕክምናም ተምራ ሐኪም ሆናለች። ስለዚህ ፈተና ሲደርስ ልምምዱን ቀንሱላት፣ ዱላውን ግን አትቀሟት።