ጭማሪው ከአቦል በኋላ ይሁን

ከምሳ ከተነሣን በኋላ ሆዳችን ተወጥሮ የምንቸገረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጡ ስለጣፈጠ ሳይሆን ፈጥነን ስለምንበላ ነው። ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሣው የጥጋብ ስሜት ለአንጎል በሚገባ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ ትሪውን በ10 ደቂቃ የጨረሰ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

መላው፣ አንዱን ጉርሻ አላምጦ ሳይውጡ ቀጣዩን አለመቁረስ ነው፤ እስከዚያው እጃችሁ ከእንጀራው ተነሥቶ በትሪው ጠርዝ ላይ ይረፍ። ምራቅ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር መሰባበር የሚጀምረው ገና አፍ ውስጥ በመሆኑ፣ የቆላው ወሎ የማሽላ እንጀራ ቀስ ተብሎ ሲላመጥ፣ በችኮላ ሲዋጥ የማይታወቅ ጣፋጭነት ይሰማል።

በወሎ ቤት ደግሞ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። ጭማሪ ቢያምራችሁ አቦሉ እስኪቀዳ ታገሡ፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ፈልቶ እስኪቀርብ 20 ደቂቃው ያልፋል፤ ያን ጊዜም ካሰኛችሁ ያለ ሥጋት አስጨምሩ። በረመዳን ተምርና ውኃ ቀምሶ፣ መግሪብን ሰግዶ ወደ ማዕድ መመለስም ይህንኑ ፋታ ይሰጣል። (እናት የምታጎርሰውን ጉርሻ ግን እምቢ በሉ አላልኩም።)

ኢንሱሊን ወስዶ ለምግብ የተቀመጠ የስኳር ሕመምተኛ ምግቡን ማዘግየት የለበትም፤ ክብደት መጨመር ያለባቸው ሕፃናትና ከሕመም የሚያገግሙ ሰዎችም ጭማሪ ሲፈልጉ ቡና አይጠብቁ።