ጃፓን ከእማዬ ጋር፦ የት ታደርን፣ ምን ገዛን፣ ምን አየን

ጃፓን ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ምን ልይ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «አልጋ የት ያዝክ?» ብዬ እመልሳለሁ። አልጋው ከተስተካከለ ሌላው ቀላል ነው። ይህን ያወቅኩት እማዬን ይዤ በሄድኩ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ያሳለፍነው በርካሽነቱ ብቻ በመረጥኩት ማረፊያ ነበር። ከባቡር ጣቢያው የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። እማዬ ደረጃው መሃል ቆማ ጉልበቷን ስትይዝ ሳይ፣ የቆጠብኩት ገንዘብ አስጠላኝ።

ስለዚህ ከጣቢያ አምስት ደቂቃ ከማይበልጥ ቦታ አልጋ ያዙ። ቶኪዮ ላይ የኔ ምርጫ ኡዌኖ ነው። ከናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ስካይላይነር የሚባለው ባቡር በ45 ደቂቃ ገደማ እዚያው ያወርዳችኋል። መናፈሻው፣ ሙዚየሞቹ፣ አሜዮኮ የተባለው ገበያ ሁሉም በእግር ነው። ቢዝነስ ሆቴል የሚሏቸው ይበቃሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሻንጣ ከተከፈተ መራመጃ የለም። ግን ንጹሕ ነው። የሌሊት ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የሻይ ማፍያ ይቀርባል። ክፍል የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሻንጣችሁን ተቀብለው ያቆዩላችኋል፤ እናንተ ከተማውን ዙሩ።

ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ስትሄዱ ሻንጣ አትጎትቱ። ታኩሃይቢን የሚባል የዕቃ ማድረሻ አገልግሎት አለ። እንግዳ መቀበያው ላይ አድራሻ ትሞላላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ሻንጣው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ የኪዮቶ ሆቴላችሁ ይጠብቃችኋል። እናንተ የአንድ ሌሊት ልብስ በትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ትሳፈራላችሁ። ፈጣኑ ባቡር፣ ኖዞሚ የሚባለው ሺንካንሰን፣ ከ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አይበልጥም ማለት ይቻላል። ትኬት ስትቆርጡ በቀኝ በኩል በመስኮት ጥግ ያለውን «ኢ» (E) ወንበር ጠይቁ። ሰማዩ ከጠራ 3,776 ሜትር ከፍታ ያለው የፉጂ ተራራ በዚያ በኩል ይታያል። የሰባት ቀን የባቡር ፓስ፣ አንዴ ተከፍሎ እንደልብ የሚያሳፍረው ትኬት፣ ለቶኪዮና ለኪዮቶ ብቻ አያዋጣም። ከ2023 እ.ኤ.አ. የዋጋ ጭማሪ በኋላ 50,000 የን ደርሷል፤ የአንድ መንገድ ትኬት ግን 14,000 የን ገደማ ነው።

አንድ ሌሊት ግን በባህላዊ ማረፊያ፣ በሪዮካን፣ እደሩ። ከሌላው ቀንሳችሁም ቢሆን። እኛ የሄድነው ከኪዮቶ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል የሚርቀው ኪኖሳኪ ኦንሰን ነው። ኦንሰን ፍል ውሃ ማለት ነው። ያን ቦታ የመረጥኩበት ምክንያት ነበረኝ። እማዬ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፣ በልጅነቷ የተነቀሰችው። ቶኪዮ ውስጥ አንድ የመታጠቢያ ቤት ስንገባ ሠራተኛዋ እጇን አጣምራ፣ ዝቅ ብላ፣ ግድግዳው ላይ ያለ ሥዕል አሳየችን፤ ንቅሳት ያለው ሰው አይገባም። እዚያ አገር ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ብዙ ቦታ ክልክል ነው። እማዬ «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አለችኝ። ያ ጥያቄ አንጀቴን በላው።

ኪኖሳኪ ያሉት ሰባቱ የሕዝብ መታጠቢያዎች ግን ንቅሳት ያለውንም ይቀበላሉ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ንቅሳት ካላቸው ይህን አትርሱ። እዚያ ማረፊያ ከያዛችሁ ለሰባቱም መግቢያ ይሰጣችኋል። ሰው ሁሉ ዩካታ የሚባለውን ስስ ልብስ ለብሶ፣ የእንጨት ጫማ አድርጎ፣ ማታ በወንዙ ዳር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። የእንጨት ጫማው ኳኳታ ማታውን ሁሉ ይሰማል።

ስንወጣ የማረፊያው ባለቤት፣ አንዲት አዛውንት፣ እማዬን አስቆመቻት። እማዬ የዩካታውን ቀኝ ከላይ ደርባው ነበር። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ፈታችና የግራውን ከላይ አድርጋ አሰረችላት። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየችን። ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሞተ ሰው ነው። እማዬ ወዲያው ገባት። «የኛም ነጠላ ለሐዘን ሲሆን አለባበሱ ይለያል አይደል?» አለችኝ። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ፤ አንድ ቃል አይግባቡም።

ውሃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ በሳሙና ሙልጭ አድርጋችሁ ታጠቡ። በዋና ልብስ አይገባም፤ ሴትና ወንድ ለየብቻ ነው። ትንሿን ፎጣ ውሃው ውስጥ አትንከሩ። ክፍላችሁ ወለል ላይ የተነጠፈው ታታሚ እንደ ሰሌን ያለ ነው፤ በጫማም በነጠላ ጫማም አይረገጥም። ለመጸዳጃ ቤቱ ለብቻው የተቀመጠ ነጠላ ጫማ አለ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ተጠንቀቁ። አትክልት የሚመስለው ሾርባ ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ ከሚባል የዓሣ መረቅ የተሠራ ነው። የኛን ጾም የሚመስል የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ግን አለ፣ ሾጂን ርዮሪ ይባላል። ኪዮቶ ውስጥ በገዳማቱ አካባቢ ታገኙታላችሁ። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ፣ ሰሊጡ፣ አትክልቱ በየትንንሽ ሳህኑ ይመጣል። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ደግሞ «ቡታ» የሚለውን ቃል ያዙ፤ አሳማ ማለት ነው። ቶንኮትሱ ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ መረቁ ራሱ የአሳማ አጥንት ነው።

ግዢ። ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ። ለቱሪስት ከቀረጥ ነፃ የሚሸጡ ሱቆች ከ5,000 የን ጀምሮ 10 በመቶውን ግብር ያስቀሩላችኋል። ከኅዳር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን አሠራሩ ተቀይሮ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ከፍላችሁ ስትወጡ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚመለስላችሁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ አይታችሁ አትቸኩሉ። የጃፓን ኃይል 100 ቮልት ነው። ሩዝ መቀቀያው አገር ቤት 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለበት ብቻ ግዙ።

እኔ የምመክረው ቢላዋ ነው። ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳ አጠገብ ካፓባሺ የሚባል የወጥ ቤት ዕቃ ሰፈር አለ። ስም የሚቀርጹላችሁ ሱቆች አሉ። ለእማዬ አንድ የሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ገዛሁላት። ሻጩ ወረቀት አንስቶ በቢላዋው አየር ላይ ሰነጠቀው፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። የምትጭኑት ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ ከእጅ ሻንጣ ይወረሳል። ለዘመድ አዝማድ ስጦታ መቶ የን ሱቆች ይበቃሉ፤ ከነግብሩ 110 የን ነው። ሰልባጅ ከወደዳችሁ ቶኪዮ ውስጥ ሺሞኪታዛዋ ሂዱ። ገንዘብ ስትከፍሉ በእጅ አትስጡ፣ ሳህኗ ላይ አኑሩት። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም።

መታየት ያለበትን በሰዓት ምረጡ። ኪዮቶ ያለው ፉሺሚ ኢናሪ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀይ በሮች የተደረደሩበት ተራራ፣ ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ድረሱ። ከረፋዱ በኋላ ግፊያ ነው። ከተማን ከላይ ለማየት ቶኪዮ ውስጥ ገንዘብ አታውጡ፤ ሺንጁኩ ያለው የከተማው አስተዳደር ሕንፃ 45ኛ ፎቁ በነፃ ነው። ናራ ከተማ ያሉትን አጋዘኖች ብስኩት ስታበሉ ፌስታልና ወረቀት ደብቁ፤ እሱንም ይበላሉ።

አንድ ቦታ ደግሞ በጉዞ መጽሔቶች ውስጥ አታገኙትም። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ቶቢታኪዩ የሚባል ጣቢያ ውረዱ። ኮሹ ካይዶ በሚባለው አውራ ጎዳና ዳር የ1964ቱ ኦሊምፒክ ማራቶን የዞረበት መታሰቢያ አለ። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. እዚህ ጋ ዞሮ ተመለሰ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። በ2:12:11.2 ጨረሰ፤ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መኪናው ያልፋል፣ ማንም አይቆምም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጅ ነሥታ ቆመች። እኔም አጠገቧ።