ክትባቱ ይዟል ወይ? የእብድ ውሻ በሽታን የመከላከል አቅም በደም ምርመራ እንዴት ይለካል

የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ለሥራ ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው፤ ውሻዋን ቦቢንም ይዛ። «ወንድምዬ፣ ቦቢ እኮ ተከትቧል። ወረቀቱም እጄ ላይ ነው። ደሞ የምን የደም ምርመራ ነው የሚሉኝ?» አለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ወረቀቱ የሚናገረው ቦቢ መወጋቱን ነው። ሰውነቱ ለመርፌው መልስ መስጠት አለመስጠቱን የሚናገረው ግን ደሙ ነው። በስልክ የነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። ለሰውና ደጋ ላይ ላለው ቀይ ቀበሮ የሚሆነውንም እጨምራለሁ።

ውሻ የለከፈው ሰው ይህን ምርመራ አይጠብቅም

ይህን መጀመሪያ ያደረግሁት ሕይወት ስለሆነ ነው። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ደም የፈሰሰበት ንክሻ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ተዘጋጅቶ የሚሰጥ መከላከያም ያስፈልጋል። እኛ ወሎ ውስጥ ጸበልም አለ፣ ዱዓም አለ፣ የሀበሻ መድኃኒትም አለ። ጸበሉንም ዱዓውንም ጎን ለጎን ማድረግ ይቻላል። በክትባቱ ላይ ግን አንድ ቀን አታሳልፉ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

የተነከሰውን ሰው ደም ያን ዕለት መለካት ምንም አይነግረንም። ክትባት የተወሰደ እንደሆነ እንኳ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው መከላከያ፣ እስኪፈጠር ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ውሻው አብዶ እንደሆነ የሚታወቀውም በደሙ አይደለም። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። ከሞተ የአንጎሉ ናሙና ይመረመራል። ይህን ምርመራ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል።

የሚለካው ምንድን ነው?

የሚለካው ቫይረሱን የሚያከሽፈው ፀረ እንግዳ አካል መጠን ነው። መለኪያው በአንድ ሚሊሊትር ደም ውኃ (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። የሚፈለገው ቁጥር 0.5 እና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ቁጥር ሰውነት ለክትባቱ በቂ መልስ እንደሰጠ ያሳያል። «ከእንግዲህ ብነከስም ምንም አልሆንም» የሚያሰኝ ግን አይደለም።

ለውሻና ለድመት፦ ቅደም ተከተሉ

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄድ እንስሳ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ወራት ያስከፍላል። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ፣ ማለትም የመለያ ቁጥሩን የያዘ ትንሽ ነገር፣ ይቀበርለታል። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ዕለት መግባት አለበት። ክትባቱ ከቀደመ እንዳልተከተበ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ይከተባል። ዕድሜው ቢያንስ 12 ሳምንት መሆን አለበት። እዚህ ላይ እባካችሁ አታፍሩ፤ ክትባቱ የተቀመጠበትን ፍሪጅ አሳዩኝ በሉ። ክትባቱ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ጄነሬተር ወይም በረዶ መኖሩን መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። ሙቀት የመታው ክትባት መልኩ አይለወጥም፤ ጉልበቱ ግን ያልቃል።

ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ይጠበቃል። ከዚያ ደም ይወሰዳል። 30ው ቀን ካለፈ በኋላ ግን አታዘግዩ። በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ከፍ ይልና ከዚያ ይወርዳል። ስድስት ወር ቆይታችሁ ብትመጡ በደንብ የተከተበውም ሊወድቅባችሁ ይችላል።

ደሙን የሚወስደው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከፊት እግር ወይም ከአንገት ሥር። የሚቀዳው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በሌለበት ቱቦ ነው። ደሙ ይርጋ። ከዚያ በማሽን ተሽከርክሮ ከላይ የሚንሳፈፈው ደም ውኃ ወደ ሌላ ንጹሕ ቱቦ ይገለበጣል። ጥሩው ደም ውኃ እንደ ብርዝ ጥርት ያለ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ከቀላ ቀይ ሕዋሶቹ ፈንድተዋል ማለት ነው፤ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል። ያልተለየውን ደም ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱ፤ ሕዋሱ የሚፈነዳው በዚህም ጭምር ነው።

ቱቦው ላይ የቺፑ ቁጥር ይጻፋል። ቅጹ ላይ ካለው ጋር አሐዝ በአሐዝ አስተያዩት። አንድ አሐዝ ቢሳሳት የሌላ ውሻ ደም ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በበረዶ ሣጥን ሆኖ አውሮፓ ኅብረት ወደሚቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል።

ውጤቱ 0.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይቆጠራል። ከክትባት እስከ ጉዞ ቢያንስ አራት ወር ያዙ። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ትኬቷ ከሁለት ወር በኋላ ለመሄድ ነበር። አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ተከታዩ ክትባት ቀኑ ሳያልፍ ከተሰጠ ምርመራው አይደገምም። አንድ ቀን ካሳለፋችሁ ግን እንደገና ከሀ ነው።

ከወደቀስ? ይከተባል፣ 30 ቀን ይጠበቃል፣ ደሙ እንደገና ይታያል። ገና ቡችላ መሆን፣ የሆድ ትል፣ የምግብ እጥረት፣ የተበላሸ ክትባት ሁሉም ሊያወርዱት ይችላሉ።

ላቦራቶሪው ውስጥ

እኔ ይህን ክፍል እወደዋለሁ። ደም ውኃው በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ከዚያ 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ደረጃ በደረጃ ይቀጥናል። በየጉድጓዱ የተመጠነ ሕያው ቫይረስ ይጨመራል። ሁለቱ አንድ ሰዓት ያህል ይተዋወቃሉ። ቀጥሎ ቫይረሱ የሚወዳቸው ሕዋሶች ይጨመሩና 48 ሰዓት ይቆያሉ። በመጨረሻ የሚያበራ ቀለም ይቀባና በማይክሮስኮፕ ይታያል። አረንጓዴ የበራበት ጉድጓድ ቫይረሱ ያሸነፈበት ነው። ጨለማው ደሙ ያሸነፈበት ነው። ደሙ ምን ያህል ቀጥኖ ድረስ እንዳሸነፈ ይታይና መጠኑ ከታወቀ ደም ውኃ ጋር ይነጻጸራል። 0.5 የሚለው ቁጥር የሚወጣው ከዚህ ነው።

ይህ ኤፍ.ኤ.ቪ.ኤን የሚባለው ነው። ታላቅ ወንድሙ አር.ኤፍ.ኤፍ.አይ.ቲ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሲሆን አንድ ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ ለሰው ደም በብዛት የሚሠራው እሱ ነው። ኤላይዛ የሚባለው ሦስተኛ ዘዴ ሕያው ቫይረስ አይፈልግም። ስለዚህ ለብዙ ላቦራቶሪ ይቀላል።

ለሰው፦ ማን ይለካ?

አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም። ተነክሶ ክትባቱን በሥርዓት የጨረሰ ጤነኛ ሰው ገንዘቡን አያውጣ። በኤችአይቪ የተዳከመ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ሌላ የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ግን ክትባቱን ከጨረሰ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሌሎቹ በሥራቸው የሚጋለጡ ናቸው። ሕያው ቫይረስ የሚነኩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች በየስድስት ወሩ ይለካሉ። ከውሻ ጋር የሚውሉ የእንስሳት ሐኪሞች በየሁለት ዓመቱ። ከ0.5 በታች የወረደ አንድ ማጠናከሪያ ይወጋል። ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ቀድሞ መከተብ ለናንተም ነው። ቁጥራችሁ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ግን ስትነከሱ ማጠናከሪያው አይቀርም።

ለቀይ ቀበሮ

ቀይ ቀበሮ በምድር ላይ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። ከነዚህ ጥቂቶቹ የኛ ናቸው፤ ቦረና ሳይንት፣ ደላንታ፣ አቡነ ዮሴፍ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። መቶ እንኳ የማይሞላ ቁጥር ባለበት ተራራ እንዲህ ቢሆን ምን እንደሚቀር አስቡት።

ቀበሮን አንድ በአንድ ይዞ መውጋት ከባድ ነው። ስለዚህ ባሌ ላይ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተደርጎ ማታ ማታ ተጣለላቸው። ሥጋው ውስጥ በደም የሚታወቅ ምልክት ነበረበት። በኋላ 21 ቀበሮዎች ተይዘው ደማቸው ሲታይ 14ቱ ሥጋውን በልተዋል። ከ14ቱ ግማሾቹ 0.5 እና ከዚያ በላይ አግኝተዋል። በርካቶቹ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ግን የሚለካ መጠን ነበራቸው።

ከተራራ የመጣ ደም ብዙ ጊዜ የቀላና የተጎዳ ነው። እንዲህ ያለው ደም ሕዋሶቹን ራሱ ስለሚገድል ለዱር እንስሳ ኤላይዛ ብዙ ጊዜ ይመረጣል።

ደላንታ ወይም ሳይንት ላይ ጓሳ ሣር ውስጥ የሚንገዳገድ ወይም የሞተ ቀበሮ ያየ እረኛ አይንካው። ውሻውንም ያርቅ። ቦታውን በደንብ አስታውሶ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለፓርኩ ጥበቃ ይንገር። አንጎሉ ሳይበሰብስ ናሙና ከተወሰደ በሽታው ይለያል። ከዚያ በየመንደሩ ያሉት የእረኛ ውሾች ይከተባሉ፤ በሽታውን ወደ ጓሳው ይዘው የሚወጡት እነሱ ናቸውና።