የወፍ ፎቶ ለምን ይደበዝዛል? በደካማ ብርሃን ለምታነሱ ችግርና መፍትሄ

ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከከረመ በኋላ ውሃው ስለተመለሰ፣ ከሐረርም ከድሬም ካሜራ አንግቶ የሚሄደው ሰው በዝቷል። ወፎቹ ወደ ዳር የሚጠጉት ገና ሳይነጋጋ ነው፤ ያኔ ደግሞ ብርሃን የለም። ባትሪ መሙላትና ሌንስ መጥረግ ለማንም አይጠፋም፤ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ ልግባ።

ችግር፦ ወፉ ደብዛዛ ነው

ሰው ሁሉ ይዞልኝ የሚመጣው ይሄንን ነው፤ ሁሉም ሌንሱን ይረግማል። ከመርገማችሁ በፊት ፎቶውን አጉሉትና ከወፉ አጠገብ ያለውን ሣር እዩ።

ሣሩም ወፉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው። ሣሩ ጥርት ብሎ ወፉ ብቻ ከተጎተተ፣ ወፉ ከሹተሩ (ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ከሚከፈትበት ቅጽበት) ፈጥኗል። ከወፉ ፊት ወይም ኋላ ያለው ሣር ጠርቶ ወፉ ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል። ምንም ሳይጎተት ሁሉም ነገር ከገረጣ ደግሞ ጉሙ ነው፣ ወይም ሌንሱ ፊት ያሰራችሁት ርካሽ ፊልተር። ያንን ፊልተር ፈትታችሁ ጣሉት። ስንት ሺህ ብር የወጣበት ሌንስ ፊት የመስኮት መስታወት አይለጠፍም!

አንድ የድሬ ሰርግ ፎቶግራፈር 70-300 ሚሊሜትር የሩቅ ማንሻ ሌንሱን ይዞ መጣ። «አቦ ይሄ ሌንስ ሞቷል፣ ልሸጠው ነው» አለኝ። የፎቶዎቹን መረጃ ከፍቼ ሳይ ሹተሩ 1/60 (የሰከንድ አንድ ስልሳኛ) ነው። አዳራሽ ውስጥ በፍላሽ ሲያነሳበት የነበረውን ሴቲንግ ሳይነካ ነው ሐይቁ ዳር የደረሰው። 1/1000 ላይ አድርጌ መለስኩለት። በዚያው ሌንስ ዳክዬዋ ክንፏን ስታራግፍ የተበተነው የውሃ ጠብታ ሳይቀር ተለይቶ ታየ።

ሌላዋ ልጅ ለዚሁ ችግር ብላ ውድ ትራይፖድ ገዛች። ሣሩ ጠራላት፣ ወፉ ግን እንደተጎተተ ቀረ። ትራይፖድም ሆነ ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ የሚያቆመው የእናንተን እጅ ነው። ወፉን የሚያቆመው ሹተር ብቻ ነው።

መፍትሄው፦ ኤም ሞድ (ሹተሩንና አፐርቸሩን ራሳችሁ የምትመርጡበት)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ኦቶ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፍት። ለቆመ ወፍ 1/500፣ ለሚበር ከ1/1600 እስከ 1/2000። በ300 ሚሊሜትር በእጅ ስታነሱ፣ ካሜራችሁ ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ያለው ከሆነ፣ ከ1/500 አትውረዱ። መውረድ ግድ ከሆነ ትንሽ ከረጢት ማሽላ ሙሉና ሌንሱን አሳርፉበት። ከዚያ ወፉ ቀጥ ብሎ የሚቆምባትን ቅጽበት ጠብቃችሁ ደጋግማችሁ ተኩሱ፤ ያኔ 1/125 እንኳ ሊሠራ ይችላል።

አይኤስኦ 3200 ወይም 6400 ሲደርስ የሚደነግጥ ሰው ያናድደኛል። አይኤስኦ ከፍ ብሎ ነጥብ ነጥብ ያለ ፎቶ በሶፍትዌር ይጸዳል። የተጎተተን ማን ያድነዋል? አጨልሞ አንስቶ ኋላ በኮምፒውተር ማብራት ደግሞ ነጥቡን ያባብሰዋል። በጨለማ ስክሪኑ ከእውነቱ በላይ ደማቅ ስለሚመስል እሱን አትመኑ፤ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ጨለማና ብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ።

ችግር፦ ሳቢሳው ነጭ ጨርቅ፣ ጥቁሩ ወፍ ጥላ ሆኗል

ካሜራው የሚለካው ወፉን ሳይሆን ውሃውን ነው። ነጭ ወፍ ጥቁር ውሃ ላይ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በአንድ ደረጃ ቀንሱ። ያ ነጭ ምንቃር ያለው ጥቁር የውሃ ወፍ ጉም ባነጣው ውሃ ላይ ከሆነ በአንድ ጨምሩ።

ችግር፦ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አይይዝም

የመሃሏን አንድ ነጥብ ብቻ ምረጡ። ወፉ ውሃውን የሚነካበት መስመር ላይ አድርጓት፤ ጨለማና ነጭ የሚገናኙበት ቦታ ቶሎ ይይዛል። ቴሌኮንቨርተር (የሌንሱን አጉሊነት የሚጨምር ተቀጥላ) ካሰራችሁ አውልቁት፤ ያለችውንም ብርሃን ይበላታል።

ችግር፦ ወፎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋል

ይሄ የካሜራ ችግር አይደለም። አንድ ሰው አስደንግጧቸዋል። ቁጭ በሉ፣ ዝም በሉ፣ ጠብቁ። ይብረሩልኝ ብላችሁ ድንጋይ እንዳትወረውሩ! ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከሚታዩት ዳክዬዎች ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከእስያ በርረው የመጡ ናቸው። ባስነሳችኋቸው ቁጥር ለመንገዳቸው የያዙትን ጉልበት ታስጨርሷቸዋላችሁ። ፍላሽም አታብሩ፤ ለዚያ ርቀት ከንቱ ነው።

ችግር፦ ሌንሱ ላብ አላበው

የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቃት ቤት ወይም መኪና ውስጥ ሲገባ ነው። ቦርሳውን ሳትከፍቱ ካሜራው የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ተዉት። በጨርቅ አትጥረጉት፤ ተመልሶ ያልበዋል።