ያገለገለ የፍሬን ዕቃ ሲገዙ መኪናዎ ላይ መግጠሙን እንዴት እንደሚያረጋግጡ

አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገብተው «የቪትስ ዲስክ አለ?» ብቻ ካሉ ዕቃ ይሰጥዎታል፤ የእርስዎ መኪና ዕቃ መሆኑ ግን አይታወቅም። በፈረንጆቹ 1999 የወጣው ቶዮታ ቪትስና በ2005 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የተለያዩ መኪኖች ናቸው። ፍሬን ላይ ደግሞ «ይመስላል» አይበቃም።

መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ይያዙ። ኮፈኑን ከፍተው ፋብሪካው የለጠፈውን ሰሌዳም ፎቶ ያንሱ። ለጃፓን ገበያ በተሠራ ቪትስ ላይ ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ነው፤ ኬኤስፒ90 ከሆነ የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ነው። ከአውሮፓ የመጣው ያሪስ (ቪትስ በውጭ ገበያ የሚጠራበት ስም) ግን 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው የሚኖረው። ለሻጩ ስሙን ሳይሆን ይህንን ያሳዩ።

ይሄም ብቻውን አያስተማምንም። ሊብሬው የሚነግርዎት ፋብሪካው የሠራውን ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንዳስገጠመ አይነግርዎትም። ስለዚህ መካኒኩ አሮጌውን ይፍታና ይዘውት ይሂዱ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄንን ነው።

ዲስክ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ስፋታቸውን፣ የመሃል ቀዳዳቸውንና ከፍታቸውን ያስተያዩ። ብዙ ሰው የሚሸወደው በቡሎን ቀዳዳ ነው። የቪትስና የዚያው ዘመን የብዙ ኮሮላ ቀዳዳዎች አራት ናቸው፣ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ያረፉ። የአንዱ ዲስክ ሌላው ላይ ሊገባ ይችላል። ገባ ማለት ግን ገጠመ ማለት አይደለም፤ ስፋቱ ወይም ከፍታው ከተለየ ሸራው በትክክል አይነክሰውም፣ ወይ ዲስኩ ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ዕቃ) ይነካዋል።

ቀጥሎ ውፍረቱን በካሊብሮ (በውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ይለኩ። የተበላ ዲስክ ጠርዙ ላይ ሸራ ያልነካው ከንፈር ይቀራል። ካሊብሮው እዚያ ላይ ካረፈ ዲስኩ ወፍራም ይመስላል። መላው ቀላል ነው፦ ከከንፈሩ ገባ አድርገው በሁለቱም ፊት አንድ አንድ የ1 ብር ሳንቲም ያስደግፉ፣ ከነሳንቲሞቹ ይለኩ፣ ከዚያ የሁለቱን ሳንቲሞች ውፍረት ይቀንሱ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ የመጨረሻው የተፈቀደ ውፍረት ተጽፎበታል። ልኬቱ እዚያ ከተጠጋ ይተዉት፣ ቶርኖ ቤትም አያድነውም። ለታምቡር (ሸራው ከውስጥ ለሚነካው ከበሮ መሰል የፍሬን ዕቃ) ተቃራኒው ነው፤ የሚታየው ምን ያህል እንደሰፋ ነው። የ200 ሚሊ ሜትር ታምቡር አብዛኛውን ጊዜ ከ201 ማለፍ የለበትም። ዲስክም ታምቡርም ሁልጊዜ ጥንዱን ይግዙ።

ካሊፐር ላይ የፒስተኑ ስፋት ከአሮጌው እኩል ይሁን፣ ላስቲኩም ያልተቀደደ። ግራና ቀኙን የሚለዩት ሾፌር ወንበር ላይ ወደፊት እያዩ እንደተቀመጡ አድርገው ነው። አየር የሚወጣባት ትንሿ ቡሎን መኪናው ላይ ሲታሰር ከላይ መሆን አለባት። ከታች ከሆነች ካሊፐሩ የሌላው ጎን ነው። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ውስጥ ይቀርና ፔዳሉ ለስላሳ ይሆንብዎታል።

ሸራና የፍሬን ጎማ ቱቦ ያገለገለ አይገዛም። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢያጸዱትም አይመለስም፣ የቱቦ ውስጥ ደግሞ አይታይም። አዲስ ይግዙ።

ከመክፈልዎ በፊት «ካልገጠመ እመልሳለሁ» ብለው ይስማሙ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። ከተገጠመ በኋላ መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩት፤ መፋቅ ካለ ያስፈትሹ። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ሜዳና ጭር ያለ ቦታ ላይ በዝግታ ይሞክሩት። ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ ወይም አንዱ ቸርኬ ከሌላው በጣም ከጋለ፣ በዚያው ወደ ጋራዥ ይመልሱት።