ውርጭ ላይ የተተከለ ችግኝ ለምን አይጸድቅም? ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ውርጭ በምንለው ምድር ላይ ችግኝ ለሚተክሉ ነው። መንዝ፣ ጉና፣ የሰሜን ተራሮች ዳርቻ፣ ባሌ። ስለ ጉድጓድና ስለ አጥር አላወራም፣ ታውቁታላችሁ። ፕላስቲኩን ሳያወልቅ የሚተክል ሰው ግን ዛሬም አለ። እሱ መጀመሪያ ፕላስቲኩን ያውልቅና ይመለስ።

ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ከጠቆረ

ውርጭ መትቶታል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ነው፤ ለጋ ሳለ ውርጭ አይችልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል። ቀዝቃዛው አየር ይከብድና ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከግርጌው ይልቅ የተዳፋቱን ወገብ ምረጡ።

የጠቆረውን አትንቀሉ! ግንዱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ አልሞተም፣ እስኪያቆጠቁጥ ጠብቁ። በክረምቱ መጨረሻ ደግሞ ዩሪያ አትስጡ፤ ለጋ ቅጠል አብቅሎ ለውርጭ መገበር ነው።

ችግኙ ተነቅሎ መሬት ላይ ከተገኘ

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚጠረጥረው አያጣም። እረኞች ናቸው፣ ጭላዳ ነው፣ ጎረቤቴ ምቀኛ ነው። አንዴ ሁለት ጎረቤታሞች በዚሁ ጉዳይ ተጣልተው ሽማግሌ ተቀምጦላቸው ደረስኩ። "ታዲያ እግር አውጥቶ ነው የሄደው ልጄ?" አሉኝ ከሳሹ። ነገ ጎህ ሲቀድ ማሳው ላይ እንገናኝ አልኳቸው።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ተሰበሰብን። መሬቱ ሲረገጥ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ላዩ ላይ ያለውን ስስ አፈር በጣቴ ገለጥ ሳደርገው የበረዶ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ርዝመቱ የጣት አንጓ ያህላል፤ ጫፉ ላይ ጠጠር ተሸክሟል። ችግኙም አብሮ ብድግ ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ አፈር ላዩ ሲቀዘቅዝ ውሃው በረዶ ይሆናል፤ በረዶው ከታች ሌላ ውሃ እየሳበ ወደ ላይ ያድጋል። አፈሩንም ችግኙንም ይዞ ይነሳል። ጠዋት ሲቀልጥ አፈሩ ይወርዳል፣ ችግኙ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። በሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ ትንሽ ይነሳል። ቀጫጭኑ ሥር ይበጠስና መጨረሻ ላይ ይጋደማል። ረፋድ 3 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው የሚያየው እርጥብ አፈርና የተነቀለ ችግኝ ብቻ ነው። በረዶው የለም። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ክሱም እዚያው ቀረ።

ጥፋተኛውን ከፈለጋችሁ፣ በችግኙ ዙሪያ ያለውን ሣር ጥርግ አድርጎ ያረመው ሰው ነው። ወይና ደጋ ላይ ማረም ደግ ነው። ውርጭ ላይ ግን ራቁቱን የቀረ እርጥብ አፈር የበረዶ መርፌ ማብቀያ ነው። "ሥራችን ንጹህ ነው" ብለው ያንን ክብ ፎቶ የሚያነሱ አሉ፤ እባካችሁ ጥር ላይ ተመልሳችሁ አንሱት።

መፍትሄው፦ ክረምቱ እንደገባ ትከሉ፣ ውርጭ ሳይመጣ ሥሩ አፈር ይያዝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ "ከዘመቻ የተረፈ" ተብሎ የሚመጣውን አትቀበሉ። በዙሪያው ያለውን ሣር አጭዳችሁ እዚያው ተዉት። አፈሩ ከተገለጠ የጓሳ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙበት፤ ግንዱን ግን አይንካ። ጠፍጣፋ ድንጋይም ይሠራል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ የተጠማዘዘ ችግኝ አትግዙ፤ እንዲህ ያለው አፈር አይጨብጥም፣ በመጀመሪያው ውርጭ ይወጣል። ብድግ ያለ ችግኝ ካያችሁ በእግር ረግጣችሁ አትመልሱት፣ ሥሩን ታጥፉታላችሁ። አፈር አምጥታችሁ አልብሱት።

ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ መጀመሪያ አጠንፍፉት።

ፀሐይ በሚመታው በኩል ከገረጣ

ሌሊቱን የቀዘቀዘ ቅጠል ኃይለኛውን የጠዋት ፀሐይ አይችለውም፣ ይጎዳል። ከትልቅ ድንጋይ ወይም ከአስታ ቁጥቋጦ በስተምዕራብ ትከሉት። ጠዋት ጥላ ያገኛል።

አልሞተም፣ ግን አያድግም

ዛፍ በብርድም ቢሆን ምግቡን ይሠራል። አዲስ ቅርንጫፍና ሥር መሥራት ግን 5 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያቆማል ማለት ይቻላል። 100 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ቱንድራ በሚባለው የሳይቤሪያና የአላስካ ዛፍ አልባ ቀዝቃዛ ምድርም ዛፍ የሚቸገረው በዋናነት በዚሁ ነው። እዚያ ሞቃቱ ወቅት አጭር ነው፣ ከሥር ያለው አፈርም ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። የእኛ ውርጭ ሌሊት መጥቶ ጠዋት ይሄዳል፤ ከፍ ባለው ቦታ ግን በየትኛውም ወር ሊመጣ ስለሚችል ዛፉ የሚያርፍበት ወቅት የለውም። ጅብራ የሚባለው ተክል በእኛ ውርጭ ላይ የሚኖረው ማታ ማታ ቅጠሉን ሰብስቦ እምቡጡን ስለሚሸፍን ነው። የእናንተ ባሕር ዛፍ ይህን አያውቅም።

ሰሜን ተራሮች ላይ አስታ እስከ 3,700 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ኮሶ ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ጽድ ደግሞ ከኮሶም በታች ይመቸዋል። ከአስታው በላይ ያለው የጓሳ አገር ነው። ባሌ፣ ሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ላይ ችግኝ ይዛችሁ አትውጡ፣ ጓሳውን ቆፍራችሁ አታበላሹ። ሁለት ክረምት አልፎት ቁመት ያልጨመረ ችግኝ ካላችሁም ማዳበሪያ አትጨምሩበት። የሚቀጥለውን 200 ሜትር ዝቅ ብላችሁ ትከሉ።