ቤት ውስጥ ችግኝ ሲያፈሉ ውሃ እንዳይበዛ

ጅማ ላይ ቤት ውስጥ የሚፈላ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ፣ በተለይ በክረምት፣ ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ይሞታል። ሰማዩ ደመና፣ አየሩ እርጥብ በሆነበት ወቅት ከአፈር የሚተነው ውሃ ጥቂት ነው። በየጠዋቱ በልማድ ሲጨመርበት በአፈሩ መካከል ያለው የአየር ቦታ ሁሉ በውሃ ይሞላና ሥሩ ይታፈናል።

የግቢውን ቀይ አፈር ብቻውን አይጠቀሙ፤ ሸክላነት ስላለው ውሃ ይይዛል። ሁለት እጅ የተነፋ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ። ትንሽ አርጥበው በጭብጥዎ ይጨብጡት። በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ደህና ነው፤ እንደ ጭቃ ተድቦልቡሎ ከቀረ አሸዋ ይጨምሩ።

ሃይላንድ ቆርጠው የታችኛውን 10 ሴንቲ ሜትር ያስቀሩ፤ ሥሩን በጋለ ምስማር 5 ወይም 6 ቦታ ይብሱት። ከሥር ጠጠር መደርደር ውሃ ያወርዳል ይባላል፤ አያወርድም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይሻገር ከጠጠሩ በላይ ይጠራቀማል፣ የችግኙም ሥር ያለው እዚያው ነው።

ከመዝራትዎ በፊት አፈሩን አንድ ጊዜ በደንብ ያርጥቡ፣ ዘሩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀብረው በላስቲክ ይሸፍኑ። እስኪበቅል ሌላ ውሃ ብዙም አይፈልግም። ቡቃያው ብቅ እንዳለ ላስቲኩን ያንሱ፤ እዚህ ላይ መዘግየት ብዙ ችግኝ ያስጨርሳል።

ከዚያ በኋላ ቀን አይቁጠሩ፤ ዕቃውን ያንሱት። ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ እጅዎ ከለመደ፣ ሲቀልና የላዩ 1 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ። 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ 20 ደቂቃ አስቀምጠው ያውጡት፤ ከሥር የጠጣ አፈር ላዩ ቶሎ አይረጥብም። የተንጠባጠበውን ውሃ ይድፉ።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ውሃ አይጨምሩ፤ የታፈነ ሥር መጠጣት አቅቶት ነው። ዕቃውን ጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩ፣ ብርሃንና ነፋሻ ወዳለበት መስኮት ያስጠጉ። ግንዱ አፈሩ ጋ ቀጥኖና ጠቁሮ የወደቀ ችግኝ ግን አይድንም። ፒቲየምን የመሰሉ ተሕዋስያን እርጥብ አፈር ውስጥ ያጠቁታልና ከነአፈሩ ነቅለው ይጣሉት፤ በዚያ አፈር ዳግም አይዝሩ፣ ዕቃውንም በበረኪና ሳያጥቡ አይጠቀሙ።